አቶ ፈንታሁንን የገደልኩበት ቀን

እኔ ሰው ገድዬ አውቃለሁ። ያውም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንጅባራ ከተማ፣ አሥር ሰው በተቀመጠበት የቀበሌ አዳራሽ፣ በታብሌት። ሟቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ፈረሳቸውን ጭነው ግምጃ ቤት ገበያ ይመላለሳሉ፤ ስንገናኝም «ገዳዬ መጣች!» እያሉ ይስቁብኛል። ታሪኩን እሳቸው ሲያወሩት ያስቃል። እኔ ሳወራው ግን መሃሉ ላይ ስደርስ እስካሁን ላብ ላብ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። መቅደስ እባላለሁ። የመንግሥት አገልግሎቶችን ወደ ዲጂታል በሚቀይር አንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ከፍተኛ የተጠቃሚ ጥናት ባለሙያ» ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። እናቴ ይህን ማዕረግ ለጎረቤት ማስረዳት ቢያቅታት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብላ ተገላገለች። ሥራው እንዲህ ነው፦ ፕሮግራመሮቹ አንድ ነገር ይሠራሉ፣ እኔ ይዤው ወደ ሰው እሄዳለሁ፣ «እስቲ ይሞክሩት» እላለሁ፣ የት ላይ እንደሚደናገሩ አያለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ፕሮግራመሮቹን እጨቀጭቃለሁ። «ከፍተኛ» የምትለዋ ቃል ከተጨመረችልኝ ገና አራት ወሯ ነበር። እውነቱን ለመናገር አገጬን ትንሽ ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ስብሰባ ላይ «እኔ ተጠቃሚውን አውቀዋለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ ክርክር ሲከርብኝ እሷን አወጣ ነበር።

ያን ጊዜ የምንሠራው ሰዎች ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ቢሮ ሳይመላለሱ በስልክ የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ነበር። የሞቱ ክፍል የእኔ ነበር። አንድ ሰው ማረፉ ሲመዘገብ ለቅርብ ዘመዱ ወዲያው የስልክ መልእክት ይደርሰዋል፤ በዚህ በጣም እንኮራ ነበር። ወደ እንጅባራ ከመነሳቴ በፊት ፕሮግራመራችን ቢኒያም «መቄ፣ በሙከራው ጊዜ መልእክቱን ላጥፋው ወይስ ይብራ?» ሲለኝ «ይብራ። እውነተኛ ስሜት እፈልጋለሁ» ያልኩት እኔው ነኝ። ማንንም አልወቅስም።

የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ተሳታፊ ወይዘሮ የሺወርቅ ነበሩ፤ ከጥርባ አካባቢ የመጡ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ጣታቸው ፈጣን፣ ምላሳቸው ከጣታቸው የባሰ ፈጣን የሆነ ሴት። የጎረቤታቸውን አራስ ልጅ ልደት በአራት ደቂቃ አስመዘገቡልኝና «ይኸው ነው?» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ካርድ አነሳሁና አነበብኩላቸው።

«ባለቤትዎ አረፉ እንበል። ቤትዎ ሆነው ሞታቸውን ያስመዝግቡ።»

ታብሌቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ማን አረፈ?»

«ባለቤትዎ። ማለቴ... እንበል ነው።»

«ጠላቱ ይረፍ! ምን በደለሽ?»

«ምንም! ለሙከራ ያህል ነው እንጂ...»

«ፈንታሁን ጠዋት በልቶ ጠጥቶ፣ ባዝራ ፈረስ ልግዛ ብሎ ግምጃ ቤት የወረደ ሰው ነው። ለሙከራ ብለሽ ትገድይዋለሽ?»

ተራቸውን የሚጠብቁት ሰዎች ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ አደረጉ። እኔ በስልጠና የተማርኩትን ፈገግታ አወጣሁና ይህ የይስሙላ እንደሆነ አስረዳሁ።

«እንግዲያው ያንቺን ባል እናስመዝግበው» አሉኝ።

«አላገባሁም።»

«እንግዲያ አባትሽን።»

«አይ! አባቴን ተዉት!» ከአፌ አመለጠኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ የሺ አልሳቁም። «አየሽ?» ብቻ አሉኝ።

አስተዋይ ሰው ብሆን ጥናቱ እዚያው አልቆ ነበር። ማስታወሻዬን ዘግቼ፣ ካርዱን ቀድጄ፣ ምሳ በልቼ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ግን «ከፍተኛ» ነበርኩ። ወይዘሮ የሺ «እንግዲያ የሌለ ሰው እንግደል» ብለው ሲደራደሩኝ እንኳ እሺ አላልኩም። ሰው የውሸት ስም ሲያስገባ ከልቡ አይሠራም ተብዬ ተምሬ ነበር፤ የምፈልገው እውነተኛ መረጃ ነበር። በመጨረሻ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይከፋ ብለው ይመስለኛል፣ አማተቡና ወደ ግምጃ ቤት አቅጣጫ ዞረው «አንተ አትስማ» አሉ። የባላቸውን ሙሉ ስም ጻፉ። «ለማን ይነገር?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ በቃላቸው የሚያውቁትን አንድ ስልክ ቁጥር አስገቡ፤ ዳንግላ የሚኖሩትን የባላቸውን ታላቅ ወንድም፣ የአቶ ታደለን። «ላክ» የሚለውን ተጫኑ። አረንጓዴ ምልክት መጣ።

እኔ አጨበጨብኩላቸው። ባላቸውን አስገድዬ አጨበጨብኩላቸው!

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ቤት ተቀምጬ ሳለ ቢኒያም ደወለ።

«መቄ፣ ዳንግላ የምናውቀው ሰው አለ እንዴ?»

«ለምን?»

«መዝገቡ የሙከራ ነው፣ እሱ አያሳስብም። የመልእክት መላኪያው ግን የሙከራ አይደለም፤ እውነተኛው ነው። አንድ መልእክት ወጥቷል። ደርሷልም።»

«አንብብልኝ» አልኩት። አነበበልኝ። «አቶ ፈንታሁን ማረፋቸው ተመዝግቧል። ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን። አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት? ከአንድ እስከ አምስት ይምረጡ።»

«መልስም መጥቷል» አለ ቢኒያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ሰጥተውናል።»

ሮጬ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ወይዘሮ የሺ ገና እዚያው ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሲጫወቱ አገኘኋቸው። ስነግራቸው አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና አንድ ቃል ብቻ አሉ፦ «እማማ!»

እማማ ጥሩነሽ የአቶ ፈንታሁን እናት ናቸው። ከሰማንያ አልፈዋል፣ ልባቸው ሕመምተኛ ነው፣ ዳንግላ ከታላቅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ፈንታሁን የመጨረሻው ነው፤ የሚያስቃቸው እሱ ብቻ ነው። «ይህንን ከሰማች አንድ ሌሊት አታድርም» አሉኝ ወይዘሮ የሺ።

አቶ ታደለ ጋ ደወልን፤ ዝግ ነው። ደግመን ደወልን፤ ዝግ ነው። አቶ ፈንታሁን ደግሞ ስልካቸውን ቤት ትተውት ነው የወጡት፣ ገበያ ላይ ሲደራደሩ ስልክ ያዘናጋቸዋል።

«አብረን ዳንግላ እንሂድ» አልኳቸው።

ወይዘሮ የሺ እንደ ሕፃን አዩኝ። «እኔ ሳልጠራ በዚህ ሰዓት ብቅ ካልሁ እኮ መርዶው እኔው ነኝ! ደጁ ላይ ሲያዩኝ እሪ ነው የሚሉት። አንቺ ሂጂ። እኔ ግምጃ ቤት ወርጄ ባሌን ፈልጌ አስደውልልሻለሁ።»

የዳንግላው ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቅኩትን ጊዜ አልረሳውም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው ጫነ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ደግሞ ሾፌሩ ወረደና ጣራው ላይ ከሰል ማስጫን ጀመረ። «እባክህ ቸኩያለሁ» ስለው «ለቅሶ ነው?» አለኝ። ምን ልበለው? «እንዳይሆን ነው» አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ የቀረውን የከሰል ማዳበሪያ ትቶ ነዳ።

ዳንግላ ስወርድ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የባጃጅ ሾፌሩን «የአቶ ታደለን ቤት ታውቀዋለህ?» ስለው ሙዚቃውን አጠፋ። «አውቀዋለሁ። እግዜር ያጥናችሁ» አለኝ። ከተማው ሰምቷል! እንግዲያ እማማም...

ግን ደጁ ላይ ስደርስ የሰማሁት ለቅሶ አይደለም፤ ሳቅ ነው። አሮጊቷ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ትልቅ ሰፌድ ላይ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ሦስት ጎረቤት ሴቶች ከበዋቸው ቀልድ በቀልድ ላይ ይደራርባሉ፣ ይስቃሉ። ጠጋ ስል ግን የሦስቱም ዓይን ቀልቷል። አንዷ ስቃ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁሉም ያውቃል፣ እማማ ብቻ አያውቁም።

አቶ ታደለ ከውስጥ ወጡ፤ ሽበታም፣ ረጅም ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ሹክ ስላቸው ክንዴን ይዘው ከቤቱ ኋላ ወሰዱኝ።

«አቶ ታደለ፣ ወንድምዎ አልሞቱም!» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

አዩኝና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ገብቶኛል ልጄ። እግዜር ይስጥሽ።»

«አይ፣ አልገባዎትም። እውነቴን ነው። በሕይወት አሉ።»

«እንዲህ እኮ ነው የሚባለው። አባቴ ጊዜም ‹ትንሽ አሞት ነው› ብለው ነው ያመጡኝ። ቀብሩ መቼ ነው?»

መታወቂያዬን አወጣሁ። ማኅተሙን ሲያዩ ጭራሽ ግድግዳውን ተደገፉ። «ይሄን ያህል? ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ይላካል? ምን ቢሆን ነው የሞተው?» መልእክቱ በስህተት የተላከ ነው ብል፣ «መንግሥት እኮ ነው የጻፈው» አሉኝ። ሙከራ ነበር ብል፣ «በሞት ማን ይሞክራል?» አሉኝ። በተናገርኩ ቁጥር አቶ ፈንታሁንን ይበልጥ ቀበርኳቸው።

ስልካቸውን የዘጉት ዘመድ ሁሉ እየደወለ እማማ እንዳይሰሙ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ ነገ ማለዳ ነው የሚያረዷቸው። «ለምን ነገ?» አልኳቸው፣ የከተማ ልጅ አይደለሁ።

«ዛሬ እራቷን ትብላ። መድኃኒቷን ትዋጥ። አንድ ሌሊት ትተኛ» አሉኝ። «ከነገ በኋላ መቼ እንደምትተኛ አናውቅም።»

እኔና ቢኒያም መልእክቱ በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ስንለካ ሁለት ሳምንት ፈጅተናል። ማንም «መቼ ይድረስ?» ብሎ አልጠየቀም ነበር። በዚያች ደቂቃ በጣም አፈርኩ።

«ታደለ! ያቺን እንግዳ ወዲህ በላት!» ተጣሩ እማማ።

ሄድኩ። እማማ ጥሩነሽ ከበርበሬው ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?»

አንዷ ሴት «ኧረ እማማ ምን ሆነው ነው!» ልትል ጀመረች፤ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ዛሬ ሁሉም ምሳ ብዪ፣ ምሳ ብዪ ይለኛል። ይቺ ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ለበዓልም እንዲህ ስማኝ አታውቅም። ታደለ ስልኩን ዘግቷል። ስንቱን ሰው ሳረዳ ኖሬ የራሴ ሲመጣ የማላውቅ መሰላቸው? አንቺ እንግዳ ነሽ፣ እንደነሱ በቀልድ አትሸፍኚብኝም። ንገሪኝ።»

መዋሸት እችል ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ካርዱን፣ ታብሌቱን፣ ወይዘሮ የሺን፣ ጭብጨባዬን ሳይቀር። «ማንም አልሞተም እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

በረጋ ድምፅ ጠየቁኝ። «ፈንታሁንን አይተሽዋል?»

«አላየኋቸውም።»

«ድምፁንስ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ መሞቱንም መኖሩንም የምታወሪው ምኑን አውቀሽው ነው?»

ስብሰባ ላይ የምመዛት ዓረፍተ ነገሬ እዚያ በርበሬ ላይ ሞተች። ዳግም አልተነሳችም። «ምንም አላውቃቸውም» አልኩ። «ጠዋት በልተው፣ ጠጥተው፣ ባዝራ ልግዛ ብለው ግምጃ ቤት ወርደዋል ብለው የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው። የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

«ባዝራ?» አሉ እማማ ለራሳቸው። «አንድ አለችው እኮ። ሌላ ምን ያደርግለታል?» ከዚያ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እንግዲያ ተቀመጪ። እስኪደውል አብረን እንጠብቃለን።»

ስንት ደቂቃ እንደጠበቅን አላውቅም። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ በርበሬ ቀነጠስኩ። ሳላስበው ዓይኔን ነካሁ። እንባዬ እንደ ጉድ ፈሰሰ፤ ይሄኔ ሴቶቹ «አላልንም!» ብለው አንድ ላይ ይንሰቀሰቁ ጀመር። «በርበሬ ነው! በርበሬ ነው!» እላለሁ፤ ማን ይስማኝ! እማማ ብቻ ዓይናቸውን ከስልኩ ላይ ሳያነሱ «ውኃ ስጧት» አሉ።

ያን ጊዜ ጮኸ። ወይዘሮ የሺ ነበሩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰፌዱ ላይ አስቀመጥኩት። የገበያ ጫጫታ፣ የፈረስ ማንኮራፋት፣ ከዚያ የተቆጣ ወንድ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የገደለኝ? ዋጋው ሊቆረጥ አንድ ቃል ሲቀረው ጎትታ አስወጣችኝ እኮ!»

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንስተው በአዊኛ ተናገሩ። ከቋንቋው የልጃቸውን ስም ብቻ ነው የለየሁት። ደጋግመው ጠሩት። ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ ቁጣው ጠፋ፤ ለስለስ ብሎ አንድ ነገር አለ። እማማ ሳቁ። ከዚያ ስልኩን ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ፣ አሁንም ሳቁ። አቶ ታደለ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ አሁን በርበሬው አልነበረም።

አልቋል ብዬ ስነሳ እማማ ቀሚሴን ያዙኝ። «ወዴት ነው? ሽማግሌዎቹስ?»

«አቶ ታደለ ይነግሯቸዋል ብዬ...»

«አንቺ ነሽ የገደልሽው። አንቺው አርጃቸው።»

ጎረቤት ግቢ ገባሁ። ጋቢ የለበሱ አሥራ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ብዙ አዳራሽ ውስጥ ንግግር አድርጌያለሁ፤ እንዲህ ግን አፌ ደርቆ አያውቅም። «አባቶቼ፣ አቶ ፈንታሁን...» አልኩና ቆምኩ። አንዳንዱ ጋቢውን ወደ ዓይኑ ከፍ አደረገ። «...ደህና ናቸው።» ማንም አላመነኝም። እማማ በበትራቸው ተደግፈው ከኋላዬ ብቅ ሲሉ፣ እየሳቁም ሲያዩአቸው ነው ግቢው የተናጋው። አንድ አዛውንት እጄን ስመው «ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ መርዶ ሰምቼ አላውቅም፤ ያብዛልን» ብለው መረቁኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። ካርዶቼን አቃጥያለሁ፤ አሁን ሰው ቤት ሄጄ የሚያደርገውን ነው የማየው፣ «እንበል» የምትል ቃልም ከአፌ አትወጣም። የሞት ምዝገባው ዛሬ ለዘመድ መልእክት አይልክም። «ለቤተሰቡ ማን በአካል ይነግራል?» ብሎ ይጠይቅና፣ ያ ሰው «ተነግሯል» እስኪል ድረስ ዝም ይላል። ለዚህ ዝምታ ሦስት ወር ተሟግቻለሁ። «እኛ የምንታወቀው በፍጥነት ነው» ሲሉኝ፣ እናንተስ እናታችሁ በስንት ሰከንድ እንድትሰማ ትፈልጋላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ማንም ቁጥር አልጠራም። እናንተም ክፉ ነገር ለሰው ለመንገር ስልክ ስታነሱ፣ የሚሰማችሁ ሰው እራቱን በልቶ እንደሆነ አስቡ። ሌላ ምክር የለኝም።

ከእማማ ጥሩነሽ ጋር ወዳጆች ሆንን። በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር፣ ወደዚያ ስሄድም እሳቸው ጋ ሳልቀመጥ አልመለስም ነበር። «ያቺ ገዳይ» ይሉኝ ነበር፤ ስሜን ያውቁታል፣ ግን አይጠሩትም ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቢኒያም ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ነቅቶ የማያውቀው ቢኒያም። ከኋላው የቢሮአችን ሁለት ሰዎች አሉ። እናቴም አብራቸው ናት።

«በዚህ በኩል ስናልፍ ነው» አለ ቢኒያም። «ቁርስ በልተሻል?»

በኋላ እንደሰማሁት፣ አቶ ታደለ ለእኔ አልደወሉም ነበር። ቢሮ ደውለው፣ እኔን የሚያውቅ ሰው ፈልገው፣ በወጉ እንዲነግሩኝ አደራ ብለው ነበር።

እናቴ ገብታ ሻይ ጣደች። ቢኒያም ስለ ዝናቡ አወራ። አንዱ ቀልድ ጀመረና መሃሉ ላይ ጠፋበት። እኔ ገብቶኛል፤ እማማ ናቸው። ግን እነሱ ቸኩለው እንዲነግሩኝ አልፈለግኩም፤ ዳቦ ቆርሼ በላሁ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ ለመናገር እስኪዘጋጁ ድረስ ጠበቅኳቸው።